ሁለቱም የቀሩበት ሳምንት

ማክሰኞ ጠዋት የቫሴማዛን እጅ ያዝኩ። በዚያ ሳምንት የሆነው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

የማስተምረው ስምንተኛ ክፍል ነበር፤ አሥራ ሰባት ልጆች። ዓርብ ዕለት በጀልባ ወደ ወረዳው ትምህርት ቤት ተሻግረው የመጨረሻውን ፈተና ይፈተናሉ። ያለፈው ዋናው ደሴት ላይ ካለው አዳሪ ትምህርት ቤት ይገባል፤ የወደቀው ወይም የቀረው እዚሁ መንደሩ ናቩኒሴ ኮኮናት ሲፈለፍል ይኖራል። ሁለተኛ ዕድል የለም። ቫሴማዛ ከሁሉም ትበልጥ ነበር። ሒሳብ አይከብዳትም፣ ድርሰት አይከብዳትም። የእንግሊዝኛ ተውላጠ ስም ላይ ግን እንደ ጓደኞቿ ትሰናከላለች።

በእኛ ቋንቋ ሰውየው ወንድ ይሁን ሴት ቃሉ አንድ ነው። የምንጠነቀቀው ቁጥሩ ላይ ነው፤ ለምናከብረው አንድ ሰው ደግሞ የብዙዎችን ቃል እንሰጠዋለን። ስለዚህ ልጆቼ ሲጽፉ አባታቸው «ሺ» ይሆናል፣ እናታቸው «ሂ»፣ የመንደሩ አለቃ ብቻቸውን ቁጭ ብለው «ዜይ» ይሆናሉ። ስምንት ወር ሙሉ በቀይ እስክሪብቶ ሳርም ከርሜያለሁ። ስሙ አንድ ወንድ ከሆነ ተውላጠ ስሙም አንድ ወንድ ይሁን፤ ስሙ ብዙ ከሆነ ተውላጠ ስሙም ብዙ ይሁን። አሥራ ሰባቱም ይህን ሕግ በቃላቸው ይሉታል፤ ሲጽፉ ግን ይረሱታል።

ስለዚህ ጨዋታ አመጣሁ። ዋና ከተማው ሱቫ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የለመድኩት ነው። ተውላጠ ስሞቹን በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፌ በክር አንጠለጠልኳቸው። የልጆቹን ስም በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከትቼ ሁለት ሁለቱን አወጣሁ። አንዱ ጓደኛው ያለበትን አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል፤ ከዚያ የሚስማማውን ተውላጠ ስም መርጦ ጓደኛው አንገት ላይ ያጠልቃል።

የመጀመሪያዎቹ ሰሚና ቶሪካ ነበሩ፤ የአክስትና የአጎት ልጆች ስለሆኑ ከመቀላለድ አይቦዝኑም። ቶሪካ ተነስታ «ቶሪካ ምሳውን በላች» አለች በእንግሊዝኛ።

«ምሳዋን በይ እንጂ» አልኳት። «ቶሪካ ሴት ነች።»

«አይ ማዳም፣ የሱን ምሳ ነው የበላሁት። ትናንት። ትክክል ነው።»

«ትክክል ነው» አለ ሰሚ ከመቀመጫው። «ጎደሬዬን ጨርሳለች። እንግሊዝኛዋ እንከን አይወጣለትም፤ ሌብነቷ ነው የሚታረመው።»

ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ልጆቹ ገብቷቸዋል ብዬ ደስ አለኝ። እጄን እንደገና ቆርቆሮው ውስጥ ሰደድኩና ሁለት ወረቀት አወጣሁ። ቫሴማዛና ነማኒ።

ነማኒ ከሌላ ደሴት የመጣው በዚህ ዓመት ነው። ወላጆቹ ስኳር ፋብሪካ ይሠራሉ፤ እሱ ናቩኒሴ የመጣው ለዚህ ፈተና እንዲማር ተብሎ፣ በእናቱ ወንድም ቤት ተቀምጦ ነው። ዝምተኛ ልጅ ነው። ስሙ ሲጠራ ተነስቶ መጣና አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ቫሴማዛ ካርቶኑን ይዛ ወለሉን ታያለች። ሳቁ እንደቆመ አላስተዋልኩም።

«በይ፣ ቫሴማዛ» አልኳት። «ነማኒ አንድ ወንድ ነው። የቱን ትሰጪዋለሽ?»

ካርቶኑን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

አፈረች ብዬ አሰብኩ። እኔ ራሴ በልጅነቴ አስተማሪ ስሜን ሲጠራ አፌ የሚደርቅብኝ ሰው ነበርኩ። አንድ ሰው ቢረዳኝ ኖሮ እያልኩ ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ። ስለዚህ ወደ ቫሴማዛ ሄድኩ፤ አንጓዋን ቀስ ብዬ ይዤ፣ እጇን ወደ ላይ አንስቼ፣ ክሩን በነማኒ ራስ ላይ አሳለፍኩት።

ከኋላ አንድ ልጅ ትንፋሹን ሲሰበስብ ሰማሁ። ነማኒ አልተንቀሳቀሰም። ቫሴማዛ እጇን ከእጄ አወጣች፤ በበሩ ወጣች፤ መጽሐፏ ጠረጴዛው ላይ እንደተከፈተ ቀረ።

«ማዳም» አለች ቶሪካ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። «ወንድሟ ነው እኮ።»

የአባቷ ታናሽ ወንድም ልጅ ነበር። ሱቫ ውስጥ ይህን ዘመድ ዝም ብለን የአጎት ልጅ እያልን አብረነው ሲኒማ እንገባለን። በመንደር ግን ቀልዱ ለአክስት ልጅ ነው፤ የአባት ወንድም ልጅ ወንድም ነው፤ ወንድምና እህት ደግሞ ካደጉ በኋላ አይነጋገሩም፣ ዓይን ለዓይን አይተያዩም፣ በአንድ ሰሌን ላይ ጎን ለጎን አይቀመጡም፤ አንዱ ስለ ሌላው ሲያወራም ስሙን ሳይጠራ «እሳቸው» ይላል። የወንድሟን ራስማ እህት ጨርሶ አትነካም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ አባቴ አስተምሮኛል። ያላወቅሁት ቫሴማዛ የማን ልጅ፣ ነማኒ የማን ልጅ እንደሆነ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ሳልጠይቅ ነው የኖርኩት። ሰው ቤት ገብቶ መጠየቅ ስለሚያስፈራኝ፣ ከትምህርት ቤት ወደ መምህራን ቤት፣ ከመምህራን ቤት ወደ ትምህርት ቤት ስመላለስ ከርሜያለሁ።

ረቡዕ ጠዋት የትምህርት ቤቱ የግንድ ከበሮ ተመታ፤ አሥራ አምስት ልጆች ገቡ።

ርዕሰ መምህሩ ማስተር ኢሶአ ቢሯቸው አስጠሩኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር።

«የማይቀበር ነገር አላደረግሽም» አሉኝ። «ግን በአገሩ ወግ መቀበር አለበት። ለይቅርታ የሚቀርበውን ሥር፣ ያንጎና፣ ይዘሽ ትሄጃለሽ። ሥሩን ከጓሮዬ እሰጥሻለሁ። የሚናገርልሽ ሰው ግን ከራስሽ ወገን ይሁን። እኔ አልሆንም፤ የዋይሳኬ ሚስት ዘመዴ ነች፤ ይቅርታ ጠያቂም ተቀባይም ልሆን አልችልም።»

ዋይሳኬ የቫሴማዛ አባት ናቸው። ከእኔ ወገን ደግሞ በናቩኒሴ ማንም የለም። ይህንኑ ነገርኳቸው።

«አፓኩኪስ?» አሉኝና ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ።

አፓኩኪ የትምህርት ቤቱን ጀልባ የሚነዱ ሽማግሌ ናቸው። የእሳቸው አገርና የአባቴ ደሴት ታውቩ ናቸው፤ የጥንት ቅድመ አያት ያገናኛቸዋል፤ ስለዚህ በተገናኙበት ቦታ መሰዳደብ ወጋቸው ነው፤ መቀየም አይፈቀድም። አፓኩኪ ከመጣሁበት ቀን ጀምሮ በየዕለቱ ሲሰድቡኝ ኖረዋል። እኔ ደግሞ በየዕለቱ «እንደምን አደሩ» ብዬ አልፋቸዋለሁ።

ባሕር ዳር ሞተሩን ፈታተው አገኘኋቸው።

«አባባ፣ ላስቸግርዎት ነበር።»

«ማንን ነው የምታስቸግሪው?»

«እርስዎን።»

«እርስዎ የሚባል ሰው እዚህ የለም። ያለነው እኔና ሞተሩ ነን። ሞተሩን ከሆነ እሱም ዛሬ አይሰማም።»

ቆምኩ። ዘይት የነካ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉና ቀና አሉ።

«አንቺ የአሳ ጭንቅላት ለቃሚ ዘር፣ ስምንት ወር ሙሉ ሰደብኩሽ። አንድ ቀን መለስሽልኝ? መንደሩ ምን እንደሚለኝ ታውቂያለሽ? የተማረችው ታውቩህ ንቃሃለች ይሉኛል።»

«ንቄ አይደለም። አፍሬ ነው።»

«በምን ልወቅ? ዝምታ ከውጭ ሲታይ ሁሉም አንድ ነው።»

ስለ ማክሰኞው ልነግራቸው ጀመርኩ፤ ግማሹን ሳልደርስ እጃቸውን አወዛወዙ።

«ሰምቻለሁ። አሳውም ሳይሰማ አልቀረም። ቁምልኝ ነው የምትዪው? እቆምልሻለሁ። ግን ለእንግዳ አልቆምም። መጀመሪያ ስደቢኝ።»

«ምን ብዬ?»

«ለዚህም ደብተር ትፈልጊያለሽ?»

አየኋቸው። ስድሳ አልፏቸዋል፤ ከአባቴ ይበልጣሉ። እግራቸው እስከ ጉልበት በጭቃ ተለውሷል። አገራቸው ወንዙ ከባሕር የሚገናኝበት ረግረግ እንደሆነ አውቃለሁ።

«አንተ...» አልኩ።

«እ? ሞተሩን ነው?»

«አንተ ጭቃ ቆፋሪ» አልኩ። «በናንተ አገር ሰው ሲሞት መቃብር አይቆፈርም አሉ። አቁመው ይጠብቁታል፤ ራሱ ይሰምጣል።»

አፓኩኪ ወደ ሞተሩ ዞሩ። ትንሽ ቆይተው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ አሸዋው ላይ ቁጭ አሉና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«ይሄንን የማን ልጅ ነው ያስተማረሽ?» አሉ ፊታቸውን እየጠረጉ። «በይ ሂጂ፣ ያንን ሥር አምጪ። ሽርጥሽን ቀይሪ፤ እንደ ፖስታ ቤት ሠራተኛ ነው የለበስሽው።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ዋይሳኬ ቤት ገባን። አፓኩኪ ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ እኔ ከኋላቸው። ሥሩን ሰሌኑ ላይ አስቀመጡትና አንገታቸውን ደፍተው ተናገሩ። በዚያ ድምፅ ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር። የሠራችው እጅ የኛ እጅ ነው አሉ፤ ያላወቀችው ልጅ ልጃችን ነች፤ ባላወቅንበት በኩል ያዙን እንጂ በናቅንበት በኩል አትያዙን። እኔ ሰሌኑን ብቻ ነበር የማየው።

ዋይሳኬ ሥሩን ነክተው ተቀበሉ። የቤቱ ሰዎች እጃቸውን ጎድጎድ አድርገው ሦስት ጊዜ አጨበጨቡ።

«ተቀብለናል» አሉ ዋይሳኬ። «ተቀብሯል። የተቀበረ አይቆፈርም።»

እፎይ ልል ስል ሚስታቸው ሉሲያና ከጓዳው በር ሆነው «ልጅቷ ግን አትመጣም» አሉ። «ለምን እንደሆነ ለኛም አትናገርም። ጀልባው ዓርብ ነው።»

ሐሙስ ጠዋት ክፍሌን ለማስተር ኢሶአ ትቼ ቫሴማዛን ፈለግሁ። ከቤታቸው ጀርባ ለሽመና የሰሌን ቅጠል በቢላዋ እየሰነጠቀች ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ አንድ ቅጠል አንስቼ እኔም መሰንጠቅ ጀመርኩ። የኔ ጠማማ ወጣ።

«እርስዎን ተቀይሜ አይደለም፣ ማዳም» አለች ሳልጠይቃት።

«ታዲያ?»

«እሳቸው ይፈተኑ ብዬ ነው።» ስሙን አልጠራችም፤ በቅንድቧ ወደ ላይኛው መንደር አመለከተች። «ክፍሉ አንድ ነው። እኔ ካለሁ ቀና ብለው መጻፍ አይችሉም፤ ከማክሰኞ በኋላ እንዴት ይችላሉ? ከሩቅ የመጡት ለዚህ ፈተና ነው። እኔ አገሬ ነኝ። ሽመናም እችላለሁ።»

ጣቶቿ አላቆሙም ነበር። ከሁሉ የምትበልጠው ልጅ ይህን ስትል ድምፅዋ ዝናብ ይመጣል የሚል ሰው ድምፅ ነበር።

«ማዳም» አለች ቆይታ። «እንግሊዞች ወንድማቸውን እውነት በአንዱ ቃል ነው የሚጠሩት? በ‹ሂ›?»

«አዎ።»

«ንጉሣቸውንም?»

«ንጉሣቸውንም፣ አሳ አጥማጃቸውንም።»

«ሲያሳዝኑ» አለች። ከልቧ ነበር።

ከዚያ ስነሳ ነው ነገሩ የገባኝ። ረቡዕ የገቡት አሥራ አምስት ነበሩ። ነማኒ ታሞ ነው ብዬ ገምቼ፣ ወይም ጨርሶ ሳልገምት ቀርቼ፣ ስለ ቫሴማዛ ብቻ ሳስብ ነበር። ወደ ላይኛው መንደር ወጣሁ። ነማኒ በአጎቱ የኮኮናት ማድረቂያ አጠገብ ቁጭ ብሎ ይፈለፍላል። ሲያየኝ ተነሳ።

«ለምን ቀረህ?» አልኩት።

መሬቱን አየ። «እኔ ካለሁ አይመጡም፣ ማዳም። እሳቸው ናቸው መሄድ ያለባቸው። ጎበዝ ናቸው። እኔ ግፋ ቢል ማለፊያ ነው የማመጣው።»

«ነማኒ፣ እሷም ቀርታለች።»

ቢላዋው ኮኮናቱ ላይ ቆመ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካንተ ጋር እኩል።»

ሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው መንገድ የሦስት ደቂቃ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ለሁለት ቀን አንዱ ለሌላው ዓመቱን፣ ምናልባትም ዕድሜውን ትቶለት፣ ሌላው አላወቀም። አንዱ ለሌላው ሊነግረው አይችልም፤ ስለ አንዱ ለሌላው የሚያነሳም ሰው አልተገኘም፤ ሰው የሚያፍርበት ነገር ነውና ሁሉም ዝም ብሎ ነበር።

«እንዲሄዱ ይንገሩልኝ» አለኝ ነማኒ።

ወርጄ ነገርኳት። ቫሴማዛ ቢላዋዋን አስቀመጠች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። «እሳቸው ካልሄዱ የኔ መሄድ ምን ዋጋ አለው? መጀመሪያ እሳቸው ይሂዱ ብላለች ይበሏቸው» አለችኝ።

ወጥቼ ነገርኩት። «እሳቸው ይቅደሙ» አለ።

በመንገዱ መሃል ካለው የዳቦ ፍሬ ዛፍ ሥር ሴቶች ቁጭ ብለው አሳ ያጸዳሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በጀርባ መንገድ ነበር የምዞረው። ያን ቀን ጊዜ አልነበረኝም።

«ማዳም፣ ዛሬ ስንተኛዋ ምልልስ ነች?»

«አራተኛዋ፣ እትዬ።»

«በጀልባ ቢያደርጉት ይሻልዎታል። አፓኩኪ ሞተሩን ጠግነዋል።»

«ተያት» አለች ሌላዋ። «ስምንት ወር ሰላም ሳትለን የቀረችውን ዛሬ እየከፈለችን ነው።»

በእርግጥ በእያንዳንዱ ምልልስ ሰላም ብያቸው ነበር። ሳቁብኝ፤ እኔም ፊቴ እየነደደ ሳቅሁ።

ስምንተኛዋ ላይ እግሬ ዛለ። አፓኩኪ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሲያዩኝ ቆይተዋል።

«ነይ ወዲህ፣ የአሳ ጭንቅላት» አሉኝ። «ምን እየተሸከምሽ ነው?»

ነገርኳቸው። እሷ እሱ ይቅደም ትላለች፣ እሱ እሷ ትቅደም ይላል፤ ማለዳ ጀልባው ይሄዳል።

«ትናንት ሥሩን የተቀበለው ማን ነው?»

«ዋይሳኬ።»

«ዋይሳኬ የማን አባት ነው?»

«የቫሴማዛ።»

«የቫሴማዛ ብቻ?» አሉ። «ዩኒቨርሲቲ ምንድን ነው የሚያስተምሩት? የአባት ወንድም ምንድን ነው?»

የአባት ወንድም አባት ነው። ዋይሳኬ የሁለቱም አባት ነበሩ። የተቀበሉት በሁለቱም ስም ነው። የተቀበረውን ነገር ሰበብ አድርጎ መቅረት ደግሞ የአባትን ቃል መቆፈር ነው።

ይህን ይዤ መጀመሪያ ወደ ነማኒ ወጣሁ። ከሌላ ሰው የተላከ ቃል አልነበረኝም፤ የራሴን መናገር ነበረብኝ።

«አባታችሁ ተቀብለዋል» አልኩት። «ይቅርታ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ሁለታችሁም ከቀራችሁ ግን ይቅርታዬ ተቀባይነት አላገኘም ማለት ነው። እኔ ያጠፋሁትን አንተና እሷ ዕድሜ ልክ ትከፍሉታላችሁ፤ እኔም እያየሁ እኖራለሁ። ማን ይቅደም የሚለውን አላውቅም። ጀልባው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው።»

ይህን ያህል በአንድ ትንፋሽ ተናግሬ አላውቅም። ወርጄ ለቫሴማዛም ያንኑ ነገርኳት። ሁለቱም እሺም እምቢም አላሉኝም።

ዓርብ ማለዳ ባሕሩ ሞልቶ ነበር። ልጆቹ ምሳቸውን በቅጠል ጠቅልለው አንድ በአንድ ተሳፈሩ። ቫሴማዛ ከእናቷ ጋር መጣች፤ ፀጉሯ ተሠርቷል፤ ምንም ሳትል ጀልባው ፊት ሄዳ ወደ ባሕሩ ዞራ ተቀመጠች። አሥራ ስድስት። አፓኩኪ ሞተሩ ላይ እጃቸውን አድርገው ውኃውን ያያሉ።

«እየጎደለ ነው» አሉኝ ቀስ ብለው። «ብዙ አልጠብቅም።»

«ትንሽ።»

ሉሲያና መንገዱን ያዩ ነበር፤ ሁላችንም መንገዱን እናያለን። ቫሴማዛ ብቻ ወደ ኋላ አልዞረችም፤ ጣቶቿ ግን የጀልባውን ጠርዝ ይዘው ነጭ ሆነዋል።

ነማኒ በመንገዱ አልመጣም። ከላይኛው መንደር በሌላ በኩል ወርዶ፣ የባሕር ዳሩን ቁጥቋጦ ዞሮ፣ እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ገብቶ በጀልባው ኋላ በኩል ደረሰ። መንገድ ላይ እንዳይገናኙ ነው። ደብተሩን በአንድ እጁ ከፍ አድርጎ ይዞ ነበር። አፓኩኪ በብብቱ ይዘው ሳቡት።

«ርጥብ አሳ» አሉት። «ተቀመጥ።»

ከኋላ፣ ሞተሩ አጠገብ ተቀመጠ። የጀልባው መሃል በሌሎቹ ልጆች ሞልቷል። ቫሴማዛ አልዞረችም፤ እጇ ግን ከጠርዙ ተላቀቀ።

ወረዳው ትምህርት ቤት ስንደርስ የሌሎች መንደር ልጆች ተሰልፈዋል። ፈታኙ የማላውቃቸው፣ መነጽር ያደረጉ፣ ቁጡ የሚመስሉ ሰው ነበሩ። ስም እየጠሩ ያስቀምጣሉ፤ በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ሁለት ሁለት። ዝርዝሩ በየመንደሩ ስለሆነ የኛ ልጆች ተራ በተራ ገቡ። በሩ ላይ ቆሜ ስሞቹንና ጠረጴዛዎቹን ቀድሜ ቆጠርኩ። ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ይደርሳቸዋል።

አስተማሪ ከደፍ እንዳያልፍ ማስታወቂያ ተለጥፏል። አለፍኩ።

«ይቅርታ፣ ማስተር» አልኩ። ድምፄ እንደፈራሁት አልተንቀጠቀጠም። «ይህቺንና ይህንን ልጅ አንድ ጠረጴዛ ላይ አያስቀምጧቸው።»

ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ለምን?»

«ወንድምና እህት ናቸው።»

ዝርዝራቸውን አዩ፤ የስሞቹን አለመመሳሰል አዩ፤ ከዚያ አንገታቸውን ደፍተው የቆሙትን ሁለቱን አዩ። ሌላ አልጠየቁኝም። ነማኒን በእጃቸው ጠሩና በመስኮቱ በኩል ከፊተኛው ረድፍ አስቀመጡት። ቫሴማዛን በሌላው ግድግዳ፣ ከኋላ። ከተቀመጠችበት የእሱ ጀርባ እንኳ እንዳይታያት አንድ ረጅም ልጅ መሃል አደረጉ።

«አሁን ይውጡ» አሉኝ።

ወጣሁ። በሩ ተዘጋ። ከደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። በመስኮቱ መስታወት ክፍተት ወረቀት ሲታደል ይሰማል፤ ከዚያ ፈታኙ «ጀምሩ» አሉ፤ ከዚያ ስልሳ እስክሪብቶ አንድ ላይ መጻፍ ጀመረ።